ስላልነበረው ዘጠና አምስት ኪሎሜትር ሐዲድ

ከሚሴ፣ ጥር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተወረሱ ንብረቶች አጣሪ ኮሚቴ
ለተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ ስለ ባቡር፣ ስለ ሐዲድ እና ስለ ቃሲም አብደላ

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

በቅድሚያ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ እንዲሁም ስለ ጉዳያችን ሲሉ ላለፉት አሥራ ስድስት ወራት ከስብሰባ ያልተነሡትን የኮሚቴ አባላት ሁሉ ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ደክሟል፤ ይህም ከጽሕፈት ቤትዎ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኝ ሳይሆን ከሌላ አገር የመጣ ያረጀ መዝገብ ሳነብ ስለከረምኩ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አንድ ነው፤ በከሚሴና በጨፋ ባቡር ማለት ወፍጮ ማለት ነው። አንዲት ሴት ማሽላዋን ቋጥራ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ ቢጠይቋት «ባቡር ቤት» ትላለች፤ ጎረቤቷም በኦሮምኛ «ባቡራ» ትላለች፤ ሁለቱም ግን ድሬዳዋ ለመግባት አላሰቡም። ይህን ያወቀ ሰው የቀረውን ደብዳቤ ባያነበውም ለፍርድ የሚበቃ እውቀት አለው። ኮሚቴው ግን እስከ መጨረሻው እንዲያነበው እለምናለሁ።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት ደፍሬ አይደለም። ቀደም ሲል አሽጌ ያስገባኋቸው ሰባት ደብዳቤዎች አንዱ ብቻ መልስ ሲያገኝ የቀሩት «አልደረሱንም» ተብሎ ስለተነገረኝ፣ የታሸገው ካልተከፈተ ክፍቱን ልሞክር ብዬ ነው። ግልባጩ በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳና በባቡር ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል።

ጉዳዩን ለማያውቅ ነዋሪ ባጭሩ ላስረዳ። ባቡር ቤቱ ውስጥ ያለው ማሽን በጣሊያን ጊዜ በጭነት መኪና ከአሰብ በባቲ በኩል የመጣ፣ በእንጨት እሳት ውሃ አፍልቶ በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ነው። ራሱን ችሎ አይሄድም፤ አራት የብረት እግር፣ ማለትም መንኮራኩር፣ ስላለው በበሬም በመኪናም ይጎተታል። ጣሊያን ትቶት ሲወጣ አንድ ነጋዴ ወፍጮ ገጠመበትና እስከ 1958 ዓ.ም. የአገሩን እህል ፈጨ። ኋላ የናፍጣ ወፍጮ መጥቶ ተካው፤ እሱም በቆርቆሮው ዳስ ሥር ቀርቶ ዛሬ ዶሮዎች ይታቀፉበታል። ቃሲም አብደላ በወጣትነቱ የዚህ ሞተር እሳት አንዳጅ፣ በስተርጅናው ደግሞ ዘበኛው ነበር። ዕድሜው ስድሳ ሰባት ነው። ከመስከረም 18 ቀን 1973 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን እስር ቤት የሚገኘው፣ ርዝመቱ ዘጠና አምስት ኪሎሜትር የሆነ የባቡር ሐዲድ ሰውሯል ተብሎ ነው። በሚመጣው የካቲት ፋይሉ በኢኮኖሚ አሻጥር ወደ ልዩ ፍርድ ቤት ይተላለፋል ተብሏል። አሻጥረኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለእርስዎ መንገር የእኔ ድርሻ አይደለም።

ምስጋናዎቼንና ቅሬታዎቼን እንደ ልማዴ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ለተወረሱ ንብረቶች ዳግም ቆጠራ የተላከው ቅጽ «ባቡር» ከሚለው ቃል ጎን «የሐዲድ ርዝመት በኪሎሜትር» የሚል ዓምድ ነበረው፤ በግርጌውም ባዶ ቦታ መተው ክልክል መሆኑን ያስጠነቅቃል። ቅጹን ያዘጋጁት ጓዶች ባቡር ሲሉ የሚሄደውን ማለታቸው ነበር፤ የሞሉት ጓዶች ደግሞ የሚፈጨውን ቆመው ያዩ ነበር። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ክፍተት ባዶ እንዳይተው ስለተከለከለ ሰው ተሞላበት።

፪. ቃሲም ስለተጠየቀበት ቃለ ጉባኤ አጻጻፍ አመሰግናለሁ። የቃሲም ባለቤት ዘምዘም ያመጣችልኝ ግልባጭ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፤ ነዋሪው እንዲመሰክር ዋናውን ክፍል ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦

«ጥያቄ፦ ባቡሩ ሐዲድ ነበረው ወይስ አልነበረውም?
መልስ፦ እንዴታ! ከላይ እስከ ታች ሐዲድ አይደል እንዴ!
ጥያቄ፦ ታዲያ ሐዲዱ የት ደረሰ?
መልስ፦ ከፊሉን ዝገት በላው። ከሥር የነበረውን ደግሞ ቀጥቃጩ ማረሻ አደረገልን፤ አገር ያውቃል።
ጥያቄ፦ ባቡሩ ከሚሴ የገባው ከየት ተነሥቶ ነው?
መልስ፦ በባቲ በኩል ነዋ! ሲገባ አገሩ እልል ብሏል፤ እኔም ነበርኩ።»

ጓድ ሊቀመንበር፣ ቃሲም የቀለም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ የተማረው ቁርአን ቤት ነው። በቁርአን ሐዲድ ማለት ብረት ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ሱራ እንዳለም በከሚሴ ቁርአን ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ቃሲም በዕድሜው የድሬዳዋውን ባቡር አላየም፤ የሚሄድበትም ብረት ሐዲድ እንደሚባል የነገረው የለም። «ሐዲድ ነበረው ወይ?» ሲሉት «ብረት ነበረው ወይ?» ያሉት መሰለው። እንዲያውም ትልልቆቹ ሰዎች በሚያውቀው የቁርአን ቃል ስለጠየቁት ደስ ብሎት እንደመለሰ ራሱ አጫውቶኛል። ማረሻ የሆነው ከእሳቱ ሥር የነበረው የተቃጠለ ፍርግርግ ነው፤ የወጣውም ሦስት ማረሻ ነው። ኮሚቴው ይህን «ሙሉ የእምነት ቃል» ብሎ መዝግቦታል። በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ጥያቄው ሳይገባው በትክክል የመለሰ ተማሪ ብዙ አጋጥሞኛል፤ መልሱ ሳይገባው ሙሉ ማርክ የሰጠ አራሚ ግን አላጋጠመኝም።

፫. ስለ ልኬቱም እንዲሁ። ባቡሩ «በባቲ በኩል» ከመጣ ሐዲዱ ከባቲ እስከ ከሚሴ ነበር ማለት ነው በሚል፣ የመኪናው መንገድ ተለክቶ ዘጠና አምስት ኪሎሜትር ተብሏል። ሒሳብ አስተምር ስለነበር ሥራውን ልጨርስልዎ። ሐዲድ ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ መስመር በሜትር ሃያ አምስት ኪሎ ይመዝናል ብንል የጠፋው ብረት አርባ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ኩንታል ይሆናል። አንድ ግመል ሁለት ኩንታል ቢጭን ሃያ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ግመል ያስፈልጋል። በባቲ ገበያ በአንድ ሰኞ አንድ ሺህ ግመል ቢወጣ እንኳ፣ ቃሲም የገበያውን ግመል ሁሉ ሃያ አራት ሰኞ ያህል በተከታታይ ተከራይቶ፣ ከአፋሩም ከደገኛውም ማንም ሳያየው ሰርቋል ማለት ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው የፍየሎቹ ነው። ሐዲዱ በነበረበት ዘመን የቦርከናን ወንዝ በምን ድልድይ ይሻገር እንደነበረ ግን እኔም ማስላት አልቻልኩም።

፬. አራተኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። ንብረቱ በ1967 ዓ.ም. ሲወረስ የእጅ ጽሑፌ ይነበባል ተብሎ መዝጋቢ የተደረግሁት እኔ ነበርኩ። «ባቡር፦ አንድ» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። «የእንፋሎት ሞተር፣ የወፍጮ» ብዬ መጻፍ ሳውቅ፣ ቆጣሪው «ባቡር አንድ በል» ሲለኝ እንደ ሰፈሩ አፍ ጻፍኩት። ተማሪ «ነገር» ብሎ ሲጽፍ «የትኛው ነገር?» እያልኩ በቀይ የማሰምር ሰው ነበርኩ፤ በአንድ ቃል ግን አንድ ሰው አሳሰርኩ። በዚህ የተነሣ መጠየቅ ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ሁለት ጊዜ በአካል ቀርቤ አመልክቼ ነበር። ጸሐፊዎ ጡረታ የወጣ ሰው ስለ ቀድሞ ሥራው እንደማይጠየቅ በትሕትና አስረድተው አሰናብተውኛል። ቃሲምም ጡረታ ቢኖረው ኖሮ ይኼኔ ቤቱ ነበር።

፭. በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. «ማሽኑ ሐዲድ የማያስፈልገው ስለመሆኑ አምራቹ ፋብሪካ በጽሑፍ ያረጋግጥ» የሚል መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ ያገኘሁት ብቸኛ ደብዳቤ ስለሆነ ላስቲክ አልብሼ አስቀምጬዋለሁ።

በማሽኑ ሆድ ላይ የተመታው የነሐስ ሰሌዳ በጀርመንኛ «ላንዴክ እና ልጆቹ፣ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ፣ ቁጥር 4173፣ 1911» ይላል። ጽሑፉን ገልብጬ ባስገባ የኮሚቴው አስተርጓሚ ከዚህ ሁሉ «ሎኮሞቲቭ» የምትለዋን ብቻ አውቀው ያዟት። ፋብሪካው ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም በሐዲድ የሚሄድ ባቡር፣ መሥራቱ እውነት ነው። ይሁንና ጋቢ የሚሠራ ሸማኔ መቀነትም ይሠራል፤ መቀነቱንም ጋቢ ነው ብሎ የሚለብስ የለም።

እንግዲህ በጥር ወር በሰሌዳው ላይ ላለችው ከተማ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ደብዳቤው በሚያዝያ ሳይከፈት ተመለሰ። ሳይከፈት የሚቀር ደብዳቤ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእነሱ ልዩነት ምክንያቱን በላዩ ላይ መጻፋቸው ነው፤ «ተቀባዩ የለም» ይላል። ተቀባዩ ከሌለ ተቀባዩን የቀበረው ይኖራል ብዬ ለከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ጻፍኩ። በሐምሌ መልስ መጣ። ላንዴክ እና ልጆቹ በእነሱ አቆጣጠር በ1931 ተዘግቷል፤ ሕንፃው በጦርነቱ በቦምብ ተቃጥሏል፤ በቦታው ዛሬ የሠራተኞች መኖሪያ ቆሟል። ደብዳቤዬንም ወደ ከተማዋ መዝገብ ቤት መርተውታል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወይዘሮ ሄልጋ ይባላሉ፤ አይተውኝ አያውቁም፤ ከሚሴንም በካርታ ፈልገው አላገኟትም፤ ግን ፈለጉልኝ።

የፋብሪካው ንድፎች ለመጠቅለያ ወረቀት ተሽጠዋል። የሠራተኞቹ ፋይል ወደ ሌላ ፋብሪካ ተዛውሮ እዚያው ተቃጥሏል። የተረፉት ሦስት የርክክብ መዝገቦች ብቻ ናቸው፤ የተረፉበትም ምክንያት ከብደው በመገኘታቸው ነው። የአንድ የፋብሪካው ነዳፊ ልጅ አስተማሪ ነበረች፤ አባቷ ያመጣቸውን እነዚያን ትልልቅ መዝገቦች ለተማሪዎቿ የምትሰበስበውን ቅጠል ተጭና ታደርቅባቸው ነበር። ከሞተች በኋላ ቅጠሉም መዝገቡም አንድ ላይ መዝገብ ቤት ገባ። ቁጥር 4173 በሁለተኛው መዝገብ ውስጥ ተገኘ። ወይዘሮ ሄልጋ የገጹን ፎቶግራፍ አንስተው፣ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው፣ የመዝገብ ቤታቸውን ማኅተም መትተው ላኩልኝ፤ በጥቅምት 1974 ዓ.ም. ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ ቁጥር 4173፤ ዓይነት፣ በከብት የሚጎተት፣ ወፍጮና የውሃ መሳቢያ የሚያዞር የእንፋሎት ሞተር፤ እግር፣ ለተራ መንገድ የሚሆን፣ ሰፊና ለጥ ያለ። «የሐዲድ ስፋት» በሚለው ዓምድ ደግሞ አንዲት አግድም ሰረዝ ተስባለች፤ ጀርመኖቹ «የለም» ሲሉ እንዲህ ይጽፋሉ። ያን ቀን ባቡር ቤቱ ድረስ ሄጄ እግሮቹን በስንዝሬ ለካሁ፤ ሰፊና ለጥ ያሉ ናቸው። ለዘምዘምም ነገርኳት፤ ቆማ አለቀሰች።

፮. ኮሚቴው ይህን ማስረጃ ኅዳር 3 ቀን ተቀብሎ በጥልቀት ስለመመርመሩ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከአምስት ሳምንት በኋላ በቃል የተነገረኝ ውጤት የሚከተለው ነው። በመዝገቡ «የሐዲድ ስፋት» የሚል ዓምድ መኖሩ ሐዲድ እንደነበረ ያረጋግጣል፤ ሰረዟም ስፋቱ አለመገለጹን ብቻ ታሳያለች፤ ስለዚህ ከዚህ በፊት ርዝመቱ ብቻ የሚታወቀው ሐዲድ ስፋቱም እንዲጣራ ተወስኗል። ከጽሑፉ ጎን የሚታየው ቡናማ ጥላ ቅጠሉ የተወው እድፍ መሆኑን ባስረዳም፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም ተብያለሁ። ማኅተሙም የመዝገብ ቤት እንጂ የፋብሪካው አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ ማኅተሙን ይምታ። ፋብሪካው ከተዘጋ ሃምሳ ዓመት እንደሆነው ስናገር «እንግዲያው ሲከፈት ያምጡ» ያሉኝ ጓድ እየቀለዱ መስሎኝ እስኪስቁ ጠበቅሁ፤ አልሳቁም። በመጨረሻም የካፒታሊስት መዝገብ ለአብዮቱ ምስክር እንደማይሆን ተነገረኝ። መዝገቡ የካፒታሊስት ቢሆን እንኳ ማኅተሙ ዛሬ ከተማዋ ያለችበት የወንድማማች ሶሻሊስት አገር ማኅተም መሆኑን ለማሳየት ወረቀቱን ባነሣ፣ የጽሕፈት ቤቱ የሥራ ሰዓት አልቆ ነበር።

ጓድ ሊቀመንበር፣ ደክሞኛል። ብርቱ ቃል ለመጻፍ የሚያስችል ጉልበት ስላልተረፈኝ ይህን ሁሉ በትሕትና ጻፍኩ። ከሞተ ፋብሪካ መልስ ማግኘት ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ፤ ከእርስዎ በር እስከ ባቡር ቤቱ ደግሞ በሽማግሌ እግር አራት መቶ ሃያ እርምጃ ነው። በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ ከኮሚቴው አንድም ሰው ይህን መንገድ ሄዶ ማሽኑን አላየውም። ዘምዘም በሳምንት ሦስት ቀን ስንቅ ይዛ ስትሄድ በቤቴ በኩል ታልፋለች፤ ያለፈው ዓርብ ቆም ብላ «ማል ጎና ጋሽ ጀይላን፣ ምን እናድርግ? የጠፋ ቢሆን እንፈልገው ነበር፤ ያልነበረውን የት ብለን እንፈልገው?» አለችኝ። ቃሲም እንኳ እኔን ለማጽናናት ይቀልዳል። ባለፈው ስጠይቀው በመስኮቱ በኩል «ጋሽ ጀይላን፣ ለመሆኑ ያ የድሬዳዋው ባቡር ምን ይመስላል? ሌባው ሆኜ ሳላየው እንዳልሞት» ብሎ ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ የመጣው ሳል ግን ጠባቂው መስኮቱን እስኪዘጋ አላቆመም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሜትር ይዘው፣ ከፈለጉም ኮሚቴውን በሙሉ አስከትለው ባቡር ቤቱ ይምጡና እግሮቹን ይዩ፤ ዶሮዎቹን አስነሣለሁ። ካዩ በኋላ «ሐዲድ አልነበረም» ብለው ይጻፉ። ሁለት ቃል ነው። እንዳይቸገሩ ረቂቁን ጽፌ፣ የፊርማውን ቦታ ብቻ ባዶ ትቼ አያይዣለሁ፤ እዚያ ባዶ ቦታ መተው ክልክል እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሌለ ነገር ላይ እንኳ ይህን ያህል ለሚተጉት ለእርስዎ፣ ባለ ነገር ላይ የሚተጉበትን ቀን አላህ ያሳየን ዘንድ ከሚመኝ ልባዊ አክብሮት ጋር፣

ጀይላን ሙሀመድኑር
ጡረተኛ መምህር፣ በ1967 ዓ.ም. «ባቡር፦ አንድ» ብሎ የጻፈው

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ መልስዎም ይከተል።

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት
ለጨፋ ገበሬ ማኅበር
ለእስረኛ ቃሲም አብደላ (ይነበብለት ዘንድ)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ባደርኩ ማግስት፣ ሐሙስ ጥር 13 ቀን፣ ዘምዘም ስንቋን እንደያዘች ተመልሳ መጣች። ቃሲም ጎህ ሲቀድ ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ ደሴ ተዛውሯል ተብላለች፤ በደሴ የትኛው እስር ቤት እንደገባ የሚነግራት ግን አላገኘችም። ጠያይቄ እንዳረጋገጥሁት የተወሰደው በጭነት መኪና ነው። በባቡር ለመውሰድ ሐዲዱ ስላልተገኘ ይሆናል። የመጨረሻው ግልባጭ ስለዚህ እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ ስንቁም እንዲሁ። የቀረውን ሁሉ በትዕግሥት እጠብቃለሁ፤ ይህን አንዱን ግን አልችልም። ሰውየው ያለበትን ቦታ እስከ ነገ ዓርብ በጽሑፍ፣ ካልሆነም በቃል፣ ይመልሱልኝ።